ሁለቱም 80 ናቸው፤ ምዘናቸው ለምን ተለያየ?

ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሁለት ኦፕሬተሮች (የስፌት ማሽን ሠራተኞች) አሉ እንበል። የአንደኛዋ ኤፊሸንሲ (ከሚጠበቅባት ምርት በመቶኛ የሠራችው) ከጥር እስከ ሰኔ 68፣ 72፣ 77፣ 83፣ 88፣ 92 ነው። የሁለተኛዋ ያው ቁጥር ተገልብጦ ከ92 ተነስቶ 68 ላይ ያርፋል። የሁለቱም አማካይ 80 ነው። የሰኔው ምዘና ሲወጣ ግን አንዷ «በጣም ጥሩ»፣ ሌላዋ «መሻሻል ያለባት» ትባላለች። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

መዛኙ እየወጣ ያለው መውጣቱን፣ እየወረደ ያለው መውረዱን የሚቀጥል ይመስለዋል፤ ያንን ግምት ይዞ ያለፈውን ሥራ ሳይቀር ያጣጥለዋል ወይም ያሞግሰዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦፍ አፕላይድ ሳይኮሎጂ የወጣ ጥናት አሜሪካውያንና ቻይናውያን መዛኞችን ሲያነጻጽር፣ ይህ ዝንባሌ ቻይናውያኑ ላይ ቀለል ብሎ አገኘው፤ ምክንያቱን ያያዘው ከአስተሳሰብ ልማድ ጋር ነው። ነገሮችን ከዙሪያቸው ጋር አያይዞ የሚያይ ሰው የወጣ ይወርዳል፣ የወረደም ይመለሳል ብሎ ይጠብቃል። ይሁንና «አለቃችን ቻይናዊ ስለሆነ እንዲህ ያስባል» ማለት አያዋጣም። የዚያው ጥናት ሌላው ክፍል የተሠራው በሲንጋፖራውያን ላይ ብቻ ነበር፤ አጥኚዎቹ አስተሳሰባቸውን ነገሮችን አያይዞ ወደ ማየት ወይም ነጥሎ ወደ ማየት ሲያዘነብሉት ምዘናቸውም አብሮ ተለወጠ። ስለዚህ የአገር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሊታረም የሚችል የአመለካከት ልማድ ነው።

ማረሚያው ከአሠራር ይጀምራል። የኦፕሬተሯን ቁጥር ብቻውን አታንብቡ፣ የላይኗን (አብረዋት የሚሰፉት ሠራተኞች ቡድን) የዚያው ወር አማካይ ከቁጥሯ ላይ ቀንሱ። የወረደችው ልጅ ላይን አማካይ ጥር ላይ 86፣ ሰኔ ላይ 62 ከነበረ ልጅቷ በሁለቱም ወር ከጓደኞቿ በ6 ትበልጣለች፤ አልወረደችም። ላይኑ ስታይል (የሚሰፋውን የልብስ ዓይነት) ደጋግሞ ቀይሮ ይሆናል (በእያንዳንዱ ለውጥ እጅ እስኪለምድ ቁጥሩ ይወድቃል)፣ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የድሬ ሙቀት አለ። የወጣችው ልጅ ላይን አማካይ ከ66 ወደ 90 ከሄደ፣ እሷ የምትበልጠው በ2 ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ቲሸርት ስድስት ወር የሰፋ ላይን መፍጠኑ አይቀርም።

ቀጥሎ ደቂቃውን አጣሩ። 0.8 ደቂቃ ለሚፈጅ ስፌት የ480 ደቂቃ ፈረቃ 600 ፍሬ ይጠብቃል፤ 408 የሰፋች 68 ታገኛለች። መብራት 60 ደቂቃ ጠፍቶ ከነበረ ግን የሚሰላው በ420 ደቂቃ ነው፤ የሚጠበቀው 525 ፍሬ ይሆንና ወደ 78 ትጠጋለች። ብዙ ቦታ ይህ አይቀነስም፣ ከዚያ «ሰነፈች» ይባላል።

በሙከራ ጊዜ ስህተቱ በተቃራኒው ይመጣል። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ የጀማሪ ሁሉ ቁጥር ይጨምራል፣ ባለበት የሚረጋው በኋላ ነው። ፈጥና የለመደችና ቶሎ የረጋች ልጅ «ቆመች» ተብላ ትሰናበታለች፣ ዝቅ ብላ ጀምራ ገና እሷ ላይ ያልደረሰችው ሌላዋ ትቀጠራለች። ስለዚህ የሚታየው የደረሰችበት ደረጃ ነው እንጂ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ጭማሪ አይደለም።

ቅጹን ለሁለት ክፈሉት። በመጀመሪያው ገጽ ያለፈው ስድስት ወር ብቻ ይመዘናል፤ ሱፐርቫይዘሩ ወሮቹን ቅደም ተከተላቸው ተደባልቆ፣ የወር ስም ሳይኖርባቸው ይያቸው። ውጤቱ ተፈርሞበት ከተዘጋ በኋላ ሁለተኛው ገጽ ይከፈታል፦ ቁጥሯ ወዴት ይሄዳል፣ ምክንያቱስ ምንድን ነው፣ ሥልጠና ወይስ የማሽን ጥገና ያስፈልጋል? ምክንያት ያልተጻፈበት ትንበያ ለዕድገትም ለማስጠንቀቂያም አይያያዝ።