ወተቴ አልነጠፈም ነበር

ልጄ የተወለደው በ31 ሳምንቱ፣ 1400 ግራም ሆኖ ነው። ለማሞቂያው፣ ለኦክስጅኑ፣ በአፍንጫው ለገባችው ቀጭን ቱቦ ባለሙያ ነበረው፤ ስለዚያ ብዙ አላወራም። የኔ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ወተት አልቦ ማቀበል። እሱንም አበላሸሁት። ወይም አበላሹብኝ፤ ጥፋቱን እስከ ዛሬ ተካፍለን አልጨረስንም።

እንደወለድኩ "ዕረፊ" አሉኝ፤ አረፍኩ። ማለብ የነበረብኝ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነበር። የነገረኝ ሰው የመጣው በማግስቱ ማታ ነው። በእጄ ጨምቄ ጨምቄ የሲሪንጅ ጫፍ እንኳን የማይሞላ ቢጫ እንገር ወጣ። አፍሬ ልደፋው ስል አንዲት ሲስተር ነጠቀችኝና በጥጥ ነክራ ጉንጩን ከውስጥ ቀባችለት። እሷን ባገኛት እግሯን እስማለሁ።

በአራተኛው ቀን ወተቱ መጣ፤ በአንድ ጊዜ 40 ሚሊ ሊትር ድረስ አልብ ነበር። በስድስተኛው ሌሊት ልጄ መተንፈስ አቆመ። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ የእግሩን መዳፍ ነካ ነካ ሲያደርጉት ወዲያው ተመለሰ። እኔ ግን አልተመለስኩም። ማሽኑ ጲጵ ባለ ቁጥር ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ይደርሳል። ጠዋት ላይ ጡቴ አግቶ ድንጋይ ሆኗል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ግን 5 ሚሊ ሊትር።

ተረኛዋ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችና "በጭንቀት ወተትሽን እያደረቅሽው ነው፤ ለልጁ ስትዪ አትጨነቂ" አለችኝ። ለልጁ ስትዪ! ከዚያ ወዲያ መጨነቄም ያስጨንቀኝ ጀመር። ሐኪሙ ደግሞ "ሌሊት ሌሊት ተኚ፣ ሰውነትሽ ይገግም" አለ። ታዘዝኩና ሦስት ሌሊት ሳላልብ አደርኩ። በሦስተኛው ጠዋት ጡቴ ለስልሶ፣ ቀልሎ አገኘሁት። ደስ ያለኝን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። በአሥረኛው ቀን፣ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ያለብኩት ተደምሮ 60 ሚሊ ሊትር አልሞላም።

ያኔ ማንም ያላስረዳኝ ይኼን ነው። ላም ስትደነግጥ ወተቷን ትይዛለች፤ ነጥፋ ግን አይደለም። የሰውም እንደዚያው ነው። ወተቱን የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ ድንጋጤ እሱን ያግደዋል። አደጋው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ሳይወጣ የቀረ ወተት ጡትን "በቃ፣ አትሥሪ" ይለዋል። ወተት የሚያሠራው ፕሮላክቲን ደግሞ ከፍ የሚለው ሌሊት ነው፤ እኔ የተኛሁበት ሰዓት። ስለዚህ "አትጨነቂ" ምክር አይደለም። ምክሩ "እየተጨነቅሽም አልቢ" ነው።

"ጭንቀትሽ በወተትሽ ይገባበታል" ያለችኝም ነበረች። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ወደ ወተት ማለፉ እውነት ነው። ግን ያለጊዜው የተወለደን ልጅ አንጀቱን ከሚያበሰብሰው ክፉ በሽታ የሚጠብቀውም ይኸው የእናቱ ወተት ነው። የተጨነቀች እናት ወተት አይደፋም።

በአሥራ አንደኛው ቀን "ልታቀፈው" ብዬ ጮህኩ። ገና ትንሽ ነው፣ ቱቦው ይወጣል አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ ከተወለደ ጊዜ አንስቶ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን ይላል፤ እኔ 10 ቀን ጠበቅኩ። ደረቴ ላይ አስተኙልኝ፣ ቱቦውን ትከሻዬ ላይ በፕላስተር ለጥፈው። ጭንቅላቱ አገጬ ሥር ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ድረስ ረጠበኝ፤ ሸንቶብኝ መስሎኝ ነበር። ወተት ነው።

ከዚያ ወዲህ እሱን ካቀፍኩ በኋላ፣ አጠገቡ ሆኜ ነው ያለብኩት። በየሦስት ሰዓቱ የሚባለውን ሰዓት ማሳደድ ተውኩ፤ በቀንና በሌሊት 8 ጊዜ መሙላቱን ብቻ እቆጥራለሁ፣ አንዱ የግድ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። መጠኑን በራስሽ እጅ መዝግቢ ይላሉ፤ አትመዝግቢ። እኔ ስንት እንደወጣ እንዳላይ ጠርሙሱን ካልሲ አልብሼ አልብና ባለቤቴ ወስዶ ይጽፈው ነበር። ካልሲው የልጁ አይደለም፣ የልጁማ ጣት እንኳን አይሸፍንም፤ የአባቱ ነው።

ከእርግዝናው ጀምሮ ሲቆጠር 34 ሳምንት ሲሞላው መጥባት ጀመረ፤ ሁለት ሳብ፣ አንድ ትንታ። ያቺ ተረኛ መጥታ ሞልቶ የተቀመጠውን ጠርሙስ አየችና "አየሽ፣ መጨነቅ ስትተዪ መጣ" አለችኝ። ማሽኑ ጲጵ አለ፤ ትከሻዬ ተነሣ። ሁለቱም እጄ ተይዞ ስለነበር አልመለስኩላትም።