ያለ ሩዝ የተጠቀለለ ራት

እናቴ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ በጣም የከበደኝ የመድኃኒቱ ነገር አይደለም፤ የማዕዱ መለያየት ነው። እኛ መሶብ ከበን ስንበላ እሷ የተለካላትን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። ጎንደር ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያስፈልግም። ሐኪሟ እንጀራውን ቀንሺ እንጂ ተዪ አላላትም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው እህል በድንገት ቢያቋርጥ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ቁርሷንና ምሳዋን አልነካሁባትም። ለራት ግን እህል የሌለበት፣ ሁላችንም ከአንድ ሰፌድ የምናነሳው ነገር ፈለግሁ። ሱሺን፣ ሩዝና ዓሣ ተጠቅልሎ የሚሠራውን የጃፓን ምግብ፣ ያሰብሁት ለዚህ ነው፤ በእጅ ይበላል፣ መጠኑም የአንድ ጉርሻ ያህል ነው።

ሩዝ የሌለው ምን ሱሺ ነው የሚል አይጠፋም። በጥንቱ አሠራር ግን ጨው የተነሰነሰበትን ዓሣ በተቀቀለ ሩዝ ውስጥ አፍነው ለወራት ያቆዩትና፣ ሲደርስ ሩዙን ጥለው ዓሣውን ብቻ ይበሉ ነበር። የፎገራን ሩዝ ጠልቼም አይደለም፤ በስንቱ ቤት ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ እንደሚሆን አውቃለሁ። ነገር ግን 100 ግራም የተቀቀለ ነጭ ሩዝ 28 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ በዚያው ሚዛን አበባ ጎመን ያለው 5 ግራም ገደማ ነው። ለእናቴ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

አበባ ጎመኑን ከቅዳሜ ገበያ ገዛሁ። ፈቅፍቄ፣ ያለ ዘይት በመጥበሻ አመስ አመስ አድርጌ፣ ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ጨመቅሁት። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ውኃው ካልወጣ ጥቅሉ ይፈርሳል። ሩዝን እርስ በርሱ የሚያጣብቀው ስታርቹ ነው፤ አበባ ጎመን ያን ያህል ስታርች የለውም። ስለዚህ ተልባ ጨመርሁበት፤ የተቆላ፣ የተፈጨና የተነፋ። ተልባ እርጥበት ሲነካው ይዝለገለጋል። ሎሚ ጨምቄበት ሳሸው ያ ሁሉ ፍርፋሪ ቀስ በቀስ ተያያዘ፤ ብድበለብለውም መዳፌ ላይ ሳይበተን ቆመ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሱሺ የሚጠቀለልበት ኖሪ የተባለው የደረቀ የባሕር አረም በአቅራቢያዬ ስለማይገኝ በቆስጣ ተካሁት። ሰፋፊውን ቅጠል የፈላ ውኃ አስነክቼ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተትሁት፤ ወፍራሙን የመሃል አገዳ ከጀርባው በቢላዋ አሳሳሁት፤ አለዚያ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ከዚያ በላይ አቮካዶ፣ ካሮት፣ ኪያርና ፍሬው የወጣለት ቃሪያ።

ዓሣው ከጎርጎራ የመጣ ቆሮሶ ነው። በእንፋሎት አበሰልሁት። በጣና ዳር ዓሣን በጥሬው የሚበላ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ለቤተሰቤ አላደርገውም። የሐይቅ ዓሣ በሰው አንጀት ውስጥ የሚያድጉ ትሎች ሊይዝ ይችላል። በቅዝቃዜ ለመግደል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀናት መቆየት አለበት፤ የቤት ማቀዝቀዣ፣ ያውም መብራት እየጠፋ፣ ይህን አያስተማምንም።

ማጥቀሻው ሰናፍጭ ሆነ። አኩሪ አተር ሶስ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ ስላለበት አላስገባሁትም። ከሱሺ ጋር የሚቀርበው ዋሳቢም ቢሆን ከሰናፍጭ ጋር የአንድ ዘር ተክል ነው፤ ያ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው ማቃጠል የሁለቱም ጠባይ ነው። እኛ ዘንድ በየጾሙ የሚበጠበጠው ሰናፍጭ እያለ ሌላ መፈለግ አላስፈለገኝም።

ቆራርጬ በሰፌድ ሳቀርብ እናቴ ከመካከላችን ተቀመጠች። አንዱን አንስታ በሰናፍጩ አጥቅሳ በላች፤ ሁለተኛውን ለእኔ አጎረሰችኝ። ከዚያ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀችኝ፦

«ረቡዕና ዓርብስ ልጄ፣ ምን ልታደርጊበት ነው?»

በጾም ዓሣ የሚበሉ አሉ፤ እሷ አትበላም። እንጉዳይ ጠብሼ እንደማስገባበት ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና ተስማማች፤ ቆስጣው ግን በሐበሻ ጎመን ይለወጥ አለች።