አክስቴ አረቄ ስታወጣ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። አክስቴ ጓሮ አረቄ እያወጣች ነው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስልኬ ላይ አነባለሁ። ምን እንደማነብ ጠየቀችኝ። "ስለ ኤሌክትሪክ" አልኳት። "ኧረግ! የሌለውን?" ብላ ሳቀችብኝ።

የማነበው በ1989 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለተሠራ ሙከራ ነው። ነገሩ ከአክስቴ ሥራ ብዙም አይርቅም። እሷ ጋ የድፍድፉ እንፋሎት በመቃው ወርዶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ባለው ዕቃ ይጠራቀማል። እነሱ ደግሞ ቢስመት የተባለውን ብረት አየር በሌለበት ያተኑና እጅግ በቀዘቀዘ ሰሌዳ ላይ ያሳርፉታል። ትንሽ ይጨምራሉ፣ ይለካሉ። ደግሞ ትንሽ ይጨምራሉ፣ ይለካሉ። ሽፋኑ በጣም ስስ ሳለ፣ በቀዘቀዘ ቁጥር ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው ነገር፣ ይወጣል፤ ኤሌክትሪኩ ይታፈናል። ከዚያ እፍኝ እንኳ የማትባል፣ ከአንድ አቶም ውፍረት ያነሰች ነገር ሲጨምሩበት ይገለበጣል። ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ያለ ምንም እገዳ ያልፋል።

ያው ብረት፣ ያው ቅዝቃዜ። የተለየው ውፍረቱ ብቻ ነው። ውሃን በረዶ የሚያደርገው ሙቀት መቀነሱ ነው፤ ይሄኛው ለውጥ ግን ሙቀት ጭራሽ ባይኖር፣ ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ላይም አለ። ኳንተም፣ ማለትም የጥቃቅን ቅንጣቶች ሕግ የሚገዛው ለውጥ የሚሉትም ለዚህ ነው።

በመታፈኑና በማለፉ መሃል ያለው ድንበር 6,450 ኦም (ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ ነው) አካባቢ ነበር። ቁጥሩ የፕላንክ ቋሚ የሚባለው የኳንተም ፊዚክስ መሠረታዊ ቁጥር ለአራት እጥፍ የኤሌክትሮን ቻርጅ ስኩዌር ሲካፈል የሚገኘው ነው። አራቷ የመጣችው ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚሄዱ ነው፤ ሁለት ሲባዛ በሁለት። ይቺን ሳይ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በኋላ ሌሎች ማቴሪያሎች ሲለኩ ግን ቁጥሩ ሁሌ እዚያው አልወጣም። አንጀቴን ያራሰውን ነገር ወዲያው አደፈረሱብኝ።

የከነከነኝ ሌላ ነው። አምና አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ ብረቱን በጣም ብናቀጥነውስ?" ብሎኝ ነበር። ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንስ ይቀንሳል እያልኩ እያስተማርኩ ነበር። "ያው ነው፣ ቀጥል" አልኩት። ቀጠለ። ያው አልነበረም። ልጁ አሁን 12ኛ ክፍል ነው፤ ሰኞ በር ላይ እጠብቀዋለሁ።

ባትሪዬ 6 በመቶ ደርሷል። አክስቴ ጣቷን ዕቃው የተነከረበት ውሃ ውስጥ ከተት አድርጋ አወጣች።

"ሞቋል፤ ተነስ ውሃ ቀይርልኝ" አለችኝ።