ያቺ ሴትዮ

ዛሬ ሳይነጋ ነቃሁ። ቅዳሜ ነው፣ ሥራ የለም፣ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው ያደረው። ነሐሴ ሲገባ እንዲህ እሆናለሁ፤ ምክንያቱን ባላውቅም ሆድ ይብሰኛል። አራት ኪሎ ጉም ለብሳለች። ተነስቼ ኦቨኑን ከፈትኩት።

ኦትስ በፍራፍሬ ልጋግር ብዬ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ ወተትም እንቁላልም የለም። በወተቱ ፋንታ ማታ ቀቅዬ፣ ፈጭቼ ያጠለልኩት ሱፍ ነበረኝ። በእንቁላሉ ፋንታ ተልባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ በጥብጦ 10 ደቂቃ ማቆየት ነው። ሲዝለገለግ ሁሉንም አንድ ላይ ይይዛል። 2 ኩባያ ኦትስ፣ 2 ኩባያ ሱፍ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቀረፋ፣ ማር፣ ትንሽ ጨው። 2 በደንብ የበሰለ የአርባ ምንጭ ሙዝ ጨፈለቅኩበት። አንድ የጨንቻ ፖምም ከተፍኩ። ከላይ ኦቾሎኒ። ኦቾሎኒው ቀድሞ ካልተቆላ አይጥምም፣ በዚህ አልደራደርም። 180 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ።

ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ሽታው መጣ። የቀረፋው አይደለም፣ የሙዙም አይደለም። የአጃው ነው። እማዬ ምጣድ ላይ አጃ ስታምስ ቤቱን የሚሞላው ሽታ፣ እሱው ራሱ። ኦትስ አጃ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን በካርቶን ታሽጎ በሌላ ስም ሲመጣ ዝምድናው ይረሳል።

እኛ ቤት አጃ ለራስ ተብሎ አይሠራም ነበር። ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነው። ሰፈር ውስጥ የወለደች ስትኖር፣ አባዬ ያኔ ሲታመም፣ ታናሼን ኩፍኝ ሲይዛት። እማዬ ትለቅማለች፣ ታምሳለች፣ ታስፈጫለች። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ የሚፈላው ውሃ ላይ እያማሰለች ትጨምረዋለች። እጇ አያርፍም፤ ካረፈ ይጓጉላል። ማር ታደርግበታለች፣ ለአራስ ከሆነ ቅቤም። ከዚያ ፔርሙዙን በነጠላዋ ሸፍና ትወጣለች። እኔ ያንን ፔርሙዝ ተከትዬ ስንት አራስ ቤት ገብቻለሁ።

እሷንስ ማን አጠጣት?

እኔ የተወለድኩት ሚያዝያ 1983 ነው። በጦርነቱ የጎጃም መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላኝ መንግሥት ተለወጠ። አያቴ እንግዶዋን አስፈጭታ (አጃን እንደዚያ ነው የምትለው) ልትመጣ ተዘጋጅታ ቀረች። ያየችኝ መቀመጥ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ይሄን ሁሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግን ወሬው ሁልጊዜ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ አያቴ እንባ ነው። እማዬ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ስትተኛ አጠገቧ ማን እንደነበር የነገረኝ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መሰለኝ፣ ቡና እየቆላች "ያቺ ሴትዮ ባትኖር" ብላ ጀምራ ነበር። ሰው አንኳኳና ተቋረጠ።

ደወልኩላት። "እማዬ፣ እኔን ስትወልጂ አጥሚት ማን አመጣልሽ?" ዝም አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ "አጃው በደንብ ካልታመሰ ይመራል፣ ልጄ" አለችኝ። አሠራሩን ከአንድ ጀምራ እስከ መጨረሻው ነገረችኝ። እሳቱ ምን ያህል እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚወርድ፣ አንዱንም አልሳተችም። የሴትዮዋ ስም ግን አልመጣላትም። ከስትሮኩ ወዲህ እንዲህ ናት። የእጅ ሥራ አይጠፋትም፤ የሰው ስም ነው የሚጠፋት። እንዳታዝን ብዬ ወሬ ቀየርኩ። እሷ ግን ስንሰነባበት "ቀይ ናት፣ ረጅም" አለችኝ።

ቀይ፣ ረጅም። ማንን ልጠይቅ? ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተበትኗል። የጎረቤታችን የእትዬ ስልክ አለኝ፤ እሳቸው ግን ወደ ግቢው የገቡት እኔ ከተወለድኩ በኋላ ነው። ሌላው ጎረቤታችን ጋሼ ያውቁ ነበር። እሳቸውም አረፉ። ባለፈው በዚያ ሳልፍ የግቢያችን በር የት ጋ እንደነበር እንኳን መለየት አቃተኝ።

ምናልባት ሴትዮዋ ዛሬም አለች። የሆነ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጣ ይሄን ዝናብ ታይ ይሆናል። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬም ይሆናል። ስሟን ባገኘው ምን እንደምላት አላውቅም። እማዬ ያልጨረሰቻትን ቃል ግን ብትጨርስልኝ እወድ ነበር። "ያቺ ሴትዮ ባትኖር" ነው ያለችው። ባትኖር ምን?