የዘንድሮ ሽምብራዬና የመረሬ አረም

ሰሞኑን ማሳዬን ያየ ሁሉ «ምን አድርገህበት ነው?» እያለ ስለሚጠይቀኝ እስቲ ልጻፈው። ከአቃቂ ወረድ ብሎ ገላን አካባቢ፣ መረሬ በሚባለው ጥቁር ሸክላማ መሬት ላይ በእኩል የያዝኩት ሽምብራ ነው። ዝርያው ናቶሊ ነው። አሁን ወይን ጠጅ አበባውን አውጥቷል፣ ቅርንጫፉ መስመሩን ገጥሟል፣ መሃል ላይ አረም የለም ማለት ይቻላል። ደስ ብሎኛል።

አጀማመሩን ባጭሩ ልለፈው። ክረምቱን መሬቱ ተደጋግሞ ታረሰ፤ በየመሃሉ አረሙ እንዲበቅል እየተውኩ የሚቀጥለው እርሻ ገለበጠው። መስከረም ሲጠባ በመስመር ዘራን፣ በመስመሮቹ መሃል 30፣ በዘሮቹ መሃል 10 ሳንቲሜትር። ብዙ ሰው ሽምብራን በብተና ይዘራል፣ እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ብተና ውስጥ መኮትኮቻ አይገባም። አረሙ በጣት ካልተነቀለ ሌላ መንገድ የለውም።

አስቸጋሪው ነገር የመጀመሪያው አረም ነው። ሽምብራ ልጅነቱ ላይ ቀርፋፋ ነው፣ መሬቱን ቶሎ አይሸፍንም፤ ሰፊ ቅጠሉ አረም መጭና ሳሩ ሙጃ ግን አይጠብቁትም። ከተዘራ ከ30 እስከ 60 ባለው ቀን ውስጥ ከታፈነ፣ በኋላ ብታርሙለትም ያጣውን ቅርንጫፍ አይመልሰውም። ደግሞ የኛ ሽምብራ የሚያድገው ክረምቱ አፈሩ ውስጥ ትቶለት በሄደው እርጥበት ነው። አረሙ የጠጣውን የሚተካ ዝናብ አይመጣም።

መረሬ ደግሞ ጠባዩን ታውቁታላችሁ። ሲረጥብ እግር ይዞ ያስቀራል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ሆኖ ይሰነጠቃል። መሃል ላይ ያሉት ቀናት ጥቂት ናቸው። እኔ አፈሩን በመዳፌ እጨብጠዋለሁ፤ ከተጣበቀ ገና ነው፣ ከተፈረፈረ በዚያው ቀን ሰው ይጠራል። እዚህ የከተማው ዳር ላይ የቀን ሠራተኛውን ግንባታው ስለሚሻማው፣ ሰው ቀደም ብላችሁ ተነጋግራችሁ ያዙ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመችኝ ብረት ቀጥቃጭ ጋ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ያሠራኋት አጭር መኮትኮቻ ናት። ስለቷ ከመዳፌ ትጠባለች፣ ስለዚህ በመስመር መሃል እንደልብ ትዞራለች። ሥራዋ መቆፈር አይደለም፣ ላዩን ሁለት ጣት ያህል መፋቅ ብቻ ነው። የአረሙ ሥር ይቆረጣል፣ የተፈረፈረው አፈር ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ከሥር ያለው እርጥበት በስንጥቁ በኩል አይተንም። እኔ ሽምብራ ማረምን የምቆጥረው ውሃ እንደማጠጣት ነው። ሁለተኛውን ዙር አበባ ሳይጀምር ጨርሱት፣ ካበበ በኋላ መሃሉ አትመላለሱ።

ጤዛ እያለም አትግቡ። የሽምብራ ቅጠል አሲድ ስለሚያወጣ ጤዛው ይኮመጥጣል፣ የተጫረ እጅ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። እርጥብ ተክል እየነካኩ መሄድ በሽታም ያዛምታል።

ስለ መድኃኒት ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፤ ጤፍ ላይ የሚረጨው ሰፊ ቅጠል አረም ገዳይ፣ ቱፎርዲ፣ ሽምብራ አጠገብ አይድረስ። ሽምብራ ቅጠሉ ደቃቅ ቢመስልም እንደ መጭ መድኃኒቱ ከሚገድለው ከሰፊ ቅጠሉ ወገን ነው። ከጤፍ ማሳ ጋር የምትዋሰኑ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት እንዲረጭ ጎረቤታችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ተነጋግረንም ዘንድሮ ድንበር ላይ ያለው መስመሬ ጫፉ ተጠማዝዟል። ጤፍና ሽምብራን የማፈራረቁን ነገር ግን ተጠቀሙበት፤ መጭን በጤፉ ዓመት በመድኃኒቱ ጨርሱት፣ ሳሩን በሽምብራው ዓመት በመኮትኮቻ።

ዩሪያ ጨምርበት የሚሉኝም አሉ። አልጨምርም። ቅጠል ያበዛል፣ የሥሩን እባጭ ደግሞ ያሰንፋል። አንድ ተክል ከነአፈሩ ነቅላችሁ እባጩን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት፤ ውስጡ ቀላ ካለ ከዩሪያ የሚፈለገውን ናይትሮጅን ራሱ እያዘጋጀ ነው።

ሰርዶን ግን አልቻልኩትም። መኮትኮቻዋ ስትቆራርጠው ጭራሽ ይባዛል፣ በጣት ሲነቀልም ግማሹ መሬት ውስጥ ይቀራል። አጨዳው እንዳለቀ፣ መረሬው ጨርሶ ሳይደርቅ ትራክተር ተከራይቼ ሥሩን ገልብጬ ለበጋው ፀሐይ ልሰጠው አስቤአለሁ። በዚህ መንገድ ሞክሮ የተሳካለት ካለ፣ ስንት ጊዜ እንደገለበጠው ይጻፍልኝ።