አንድ ድባብ ወደ ጅማ

አክስቴ በጥቅምት መጨረሻ ደውላ፣ «ለኅዳር ጽዮን የሚደርስ ድባብ ከመርካቶ ገዝተህ አምጣልኝ፤ ከፈዩ ቀይ፣ ዘርፉ ወርቅማ ይሁን» ባለችኝ ጊዜ ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ዘንጉ ርዝመት አላሰብኩም ነበር። ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ስደርስ፣ በላስቲክ የተጠቀለለው ድባብ ከእኔ ቁመት ጥቂት ብቻ እንደሚያንስ የአውቶቡሱ ረዳት ከእኔ ቀድሞ አየ። «ሰው አይደለም እንጂ የሰው ቦታ ይይዛል» አለና 400 ብር ጠየቀኝ። ከላይ ይጫንልኝ ብለው፣ ከፈዩ ቢበላሽ ኃላፊነት እንደማይወስድ ነገረኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ደረሰኝ የማይቆረጥለት ክፍያ ሁሉ ያንገበግበኛል፤ በዚያ ጨለማ የአውቶቡስ ሙሉ ሰው እያስጠበቅሁ ስለ አንድ ድባብ ታሪፍ ስከራከር ቆየሁ።

ያስታረቁን ወደ አጋሮ የሚሄዱ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ዕቃው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የእመቤታችን ስለት መሆኑን ነገርኳቸው። «መርየምንማ እኛም እናከብራታለን» ብለው ለረዳቱ በኦሮምኛ ጥቂት ቃል ተናገሩት። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ዋጋው ግን 200 ብር ሆነ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በጣለኝ ቁጥር ዘንጉን ይዘው የተጓዙልኝ እርሳቸው ነበሩ። ወሊሶ ለቁርስ ስንወርድ፣ ጾመ ነቢያት ከገባ አራተኛ ቀኑ ስለነበረ የጾም ሽሮ አዘዝኩ፤ የቀረበልኝ ግን ቅቤ ይሸት ነበር። አስተናጋጇ ዘይት ነው ብላ ብትምልም አልቀመስኩትም፤ 180 ብሩን ግን ከፈልኩ። ከወልቂጤ ወዲያ ያለውን መንገድ፣ የግቤን በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ጭምር፣ አንቀላፍቼ አለፍኩት።

ሰኮሩን ሳናልፍ የሞተሩ ቀበቶ ተበጥሶ፣ ሌላ እስኪመጣ ስድስት ሰዓት ያህል ጥላ ፍለጋ ስንዞር ዋልን። ጅማ የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። እዚህ ላይ የሠራሁትን ጥፋት መሸሸግ አልፈልግም። አክስቴ አሥር ልጆች ወልዳለች፤ ስምንቱ ዛሬም በቤቷ ናቸው፣ ከልጆቹም ልጅ የወለዱ አሉ፤ በዚያ ሰዓት እርሷ ቤት መግባት ማለት አሥራ አራት ሰው መሳም፣ ሁለት ጊዜ እራት መብላትና ለቡና መቀመጥ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለእናቴ አንድ ነኝ፤ የምኖረው ማንኪያው እንኳ የሚቀመጥበት ሥፍራ በታወቀ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠዋት እደርሳለሁ ብዬ አንድ ፔንሲዮን ገባሁ። 900 ብር ከፍዬ ውኃ የለም፤ ከሥር ያለው ቤት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃ ያስጮኻል፤ የበሩ ቁልፍ ስለማይሠራ የድባቡን ዘንግ ከእጀታው ሥር አስደግፌ፣ በየኮቴው እየባነንኩ አነጋሁ።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። «ጅማ ገብተህ ከሰው ቤት አደርክ?» አለችና ለጥቂት ጊዜ እቃ በማንሳትና በማስቀመጥ ብቻ አናገረችኝ። በሩን በምን እንደዘጋሁ ስነግራት ግን ቁጣዋ በአንድ አፍታ ጠፋ። «አየህ፣ ገና ቤቷ ሳትገባ ጠበቀችህ» ብላ ድባቡን ሳመችው፤ በዚያ ሌሊት ከተደገፈበት በኩል አንድ ዘርፍ መጨፍለቁን እኔ አይቼ ዝም አልኩ።

ቤቱ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ነው። የቡና ለቀማ ወቅት በመሆኑ ግቢው በሙሉ በሰሌን ላይ በተሰጣ ቀይ ቡና ተሸፍኖ፣ ለመራመጃ የቀረችው መንገድ አንድ እግር ብቻ የምታሳልፍ ነበረች። አዲስ አበባ በዚያ ሰሞን ብርዱ አጥንት ሲሰረስር፣ ጅማ ለምለምና ለብ ያለች ናት፤ ሆኖም የእርጥበት ሽታዋ በልብሴ ገብቶ እስክመለስ አልለቀቀኝም። የአክስቴ ባል ጋሼ በደጁ ላይ፣ ቀኝ እጃቸውን እንደ ሰው አደራ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ጋሼ ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ፣ ምንም ምስማርና ሙጫ ሳይነካው፣ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ፈልፍለው የሚያወጡ ባለሙያ ናቸው፤ ወይም ነበሩ። የትኛውን ልጻፍ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ።

ዓመቱን አክስቴ የነገረችኝ በዚያ ቀን ቡና ላይ፣ ከአቦል እስከ በረካ ነው። የወር ቀን ቁጥር አትጠራም፤ የምትቆጥረው በታቦት ነው። በጥር አስተርእዮ ማርያም ጋሼ ከመሥሪያ ቦታቸው መጥረቢያውን እንደያዙ ወደቁ። ደም ግፊት እንዳለባቸው እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። እኩለ ሌሊት ላይ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ያደረሳቸው የጎረቤታቸው የሐጂዋ ልጅ ነው፤ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ስለቱም የተሳለው ያን ሌሊት በባጃጁ ውስጥ ነው፤ «በእግሩ ቆሞ ያስቀድስልኝ እንጂ ድባብ አስገባለሁ» ብላ። በየካቲት የበኩር ልጇ ሠራተኛ ሲቀነስ አብሮ ከሥራው ወጣ፤ የጋሼ መሥሪያ ቦታ ተዘግቶ፣ የሚያገባ ሰው የጠፋበት ቤት ከእነ አሥራ አራት አፉ ቀረ።

የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገጠሙ። ሐጂዋ ለአፍጥር የምትሠራውን የምስር ሾርባ አንዱን ድስት ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ ለብቻው እያወጣች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በአጥሩ ላይ ታሳልፍላቸው ነበር። አክስቴ ይህን ስትናገር ድምጿ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ከፍ አለ፤ ስለ ወሊሶው ሽሮ ልነግራት አስቤ ተውኩት።

በሚያዝያ ጊዮርጊስ ሦስተኛዋ ልጅ መንታ ወለደች፤ ወንድና ሴት። ወንዱ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ልጅቷ ሰማንያ ቀኗን ሳትደርስ ታመመች፤ ካህኑ ቀኑ ሳይሞላ ቤት ድረስ መጥተው አጠመቋት፤ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ሞተች። «ስሟ ኪዳነ ማርያም ነበር» ብቻ አለችና አክስቴ ከረከቦቱ ላይ ስኒዎቹን አንድ በአንድ ማጠብ ጀመረች። ለዚህኛውስ ምን ተባለ ብዬ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ወንዱ መንታ እናቱ ጀርባ ላይ ነቅቶ ሲያለቅስ ጥያቄው ተረሳ። በፍልሰታ የማድቤቱ የኋላ ግድግዳ በዝናብ ተደረመሰ። በመስከረም ደግሞ፣ ከአሥር ተፈታኝ አንድ እንኳ ባላለፈበት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ የመጨረሻዋ ልጅ አለፈች። በጥቅምት ጋሼ በልጆቻቸው ትከሻ ተደግፈው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደው ተመለሱ፤ ለእኔ የተደወለልኝም ያን ዕለት ማታ ነው።

እኔ ብሆን ይህን ዓመት ገቢና ወጪ ብዬ በሁለት ዓምድ አስፍሬ፣ ከታች ድምሩን አሰምርበት ነበር። እርሷ ግን የሕፃኗን ሞት በተናገረችበት ድምፅ የፈተናውን ውጤት ነገረችኝ፤ ሁለቱንም በየታቦቱ ስም ሥር አስቀምጣ አለፈች። ይህ ጥንካሬ ይሁን ድካም እስካሁን አልለየሁም።

ማታ ማታ ሁሉም በአንድ ክፍል ይቆማሉ። የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይደገማል፤ ቀጥሎም ዳዊት በሰው ልክ ተከፋፍሎ፣ ከጋሼ ጀምሮ ፊደል እስከ ቆጠረው የልጅ ልጅ ድረስ እያንዳንዱ ድርሻውን ያነባል። ለእኔም ደረሰኝ። ግእዙን ካነበብኩ ዘመን ስላለፈ በየመሥመሩ ስሰናከል፣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጽሐፉን ሳያይ ያርመኝ ነበር፤ እርማቱን ባነሰ ድምፅ ቢያደርገው ደግ ነበር። የበኩር ልጅ መዝሙሩ ሲጀመር ወደ ግቢ ይወጣል። የሚጠራው የለም። ተራው ሲደርስ አክስቴ የእርሱን ድርሻ በራሷ ድርሻ ላይ ቀጥላ ታነባለች፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ እርሱም ውጭ ሆኖ ጨለማው ውስጥ ቡናውን በሸራ ይሸፍናል።

የተኛሁት ከአራት ወንዶች ልጆች ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ ነው። የአንዱ ተረከዝ እስኪነጋ ከጎድኔ አልወረደም፤ ከጎህ በፊት መጀመሪያ አዛን፣ ከዚያ የቅዳሴ ደወል፣ ከዚያ የአክስቴ ድምፅ በተራ ቀሰቀሱኝ። ሆኖም ስለ በሩ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ጋሼ ጅሬን ልውጣ አሉ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታ ላይ ነው፤ የባጃጁ ልጅ ከእኔ 600 ብር ጠይቆ ጋሼን ሲያይ ወደ 300 አወረደው፤ ለእንግዳና ለአገሬው ሰው ሁለት ዋጋ መኖሩ ያበሳጫል፣ በዚያ ቀን ግን ተጠቃሚ ስለነበርኩ አልተከራከርኩም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩ ንጉሥ መሆናቸውን አስጎብኚው ሲያስረዳ፣ ጋሼ አንድም ቃል አልሰሙም። ዓይናቸው ከሰገነቱ እንጨት ላይ ነበር። በግራ እጃቸው ምሰሶውን ከላይ ወደ ታች ዳስሰው፣ «ይህን የጠረበው ሰው አልቸኮለም» አሉ። ደረጃውን እንውጣ ሲሉ ልጃቸው ከለከለቻቸው፤ እርሳቸው ግን ለነገ እግሬን ልየው ብለው አራት እርከን ወጡና ተቀመጡ።

እሑድ ኅዳር 21 ነው። ማሕሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ተቁሞ፣ እኛ በ11 ሰዓት ስንደርስ ግቢው በነጠላ ነጭ ሆኗል። ጋሼ መቋሚያ ተደግፈው ቅዳሴው ሲገባ ቆሙ፣ ከወንጌል በፊት ደከማቸውና ተቀመጡ፣ ወንጌል ሲነበብ እንደገና ተነሡ፤ ከዚያ በኋላ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ሠርሆተ ሕዝብ እስኪሆን አልተቀመጡም። ታቦቱ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ የስለት አስገቢዎች ስም በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ የእነርሱ ሲጠራ አክስቴና ልጆቿ እልልታውን አቀለጡት። ድባቡ ተዘረጋ። የተጨፈለቀው ዘርፍ ከሌሎቹ ጋር ሲወዛወዝ ከእኔ በቀር ያየው ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴን፣ «እትዬ፣ ስለቱ ግን ሙሉውን ቆመው እንዲያስቀድሱ አልነበረም?» አልኳት። «እመቤታችን እንደ አንተ ደረሰኝ አታመሳክርም» አለችኝና ድፎ ዳቦውን ለመባረክ ቄሱን ልትጠራ ሄደች።

ያን ቀን ቤቱ ስንት ሰው እንዳስተናገደ መቁጠር ጀምሬ ስድሳ ላይ ጠፋብኝ። ለእኛ ጠላ፣ ለሐጂዋና ለቤተሰቧ ቀሪቦ ነበር፤ ቀሪቦውን የጠመቀችው ራሷ ሐጂዋ ናት፣ «በእናንተ ጋን አላምንም» ብላ እየሳቀች። ወንዱን መንታ ተቀብላ ስታቅፈው ለጥቂት ጊዜ ግራ ክንዷ ባዶ ሆኖ ተዘርግቶ ቀረ፤ ወዲያው ነጠላውን አስተካከለችበት። የልጁ እናትም አየቻት።

ሰኞ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት መናኸሪያ ድረስ የሸኘኝ የበኩር ልጅ ነው። ሁለት ኪሎ ቡናና ጋሼ ከመውደቃቸው በፊት የጨረሱትን አንዲት በርጩማ ተሸክሞልኝ፣ መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም። ረዳቱ ከሩቅ በርጩማዋን አይቶ ሲጠጋን ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ።

«አሁን ደግሞ ለእኔ ሥራ ተስላለች» አለኝ የአክስቴ ልጅ፤ ያን ያህል ቀን ስቆይ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «መጋረጃ። ለሐምሌ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል ብላለች፤ መርካቶ ስትሄድ ዋጋውን እየጠየቅህ ቆይ።»

«ርዝመቱ ስንት ነው?» አልኩት።

«አምስት ሜትር። ግን አትስጋ፤ መጋረጃ ይታጠፋል።»