«መጥተው ቢያዩት ጥሩ ነው»

የቢሮ ስልኬ ላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ተለጥፋለች። «መጀመሪያ፦ ልጁ ደህና ነው» ትላለች። በአማርኛ ስለተጻፈች አብረውኝ የሚሠሩት ጸሎት ትመስላቸዋለች። አንዷ ትርጉሟን ጠየቀችኝና ነገርኳት። «ታዲያ ጸሎት እኮ ነው» አለችኝ።

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለች ከተማ፣ ፖሊስ በሚያስተዳድረው የልጆች ስፖርት ቤት ነው። ስሙን ልተወው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በቀጥታ ወደኛ ይመጣሉ። መጀመሪያ መክሰስ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት የቤት ሥራ። የቤት ሥራውን ያልጨረሰ ኳስ አይነካም። አሠልጣኞቹ አብዛኞቹ ፖሊሶች ናቸው፤ እኛ ጋ ሲሆኑ ግን ቱታ ነው የሚለብሱት፣ ልጆቹም «ኮች» ነው የሚሏቸው። እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ፎርም የማስሞላ፣ ልጆች የምቆጥር፣ ወላጅ ሲዘገይ ከልጁ ጋር ቁጭ ብዬ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ለአበሻ ወላጆች መደወልም የኔ ሥራ ነው።

ፖሊስ ልጆችን ማጫወት የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1914 የኒውዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነር የነበረው አርተር ዉድስ፣ በተጨናነቁት የድሃ ሰፈሮች ልጆቹ መጫወቻ አጥተው መንገድ ላይ እንደሚውሉ አየ። ፖሊሶቹን ባዶ ቦታ ፈልጉ አላቸው። ቦታ ሲጠፋ ደግሞ መንገዱ ራሱ ይዘጋ ተባለ። ኤልድሪጅ የሚባለው ጎዳና አንዱ ክፍል ለመኪና ተዘግቶ ለልጆች ተለቀቀ። በ1934 ደግሞ የዋሽንግተን ዲሲ ፖሊስ አዛዥ ኧርነስት ብራውን ለወንዶች ልጆች ክለብ አቋቋመ። ምክንያቱ ያኔም ዛሬም ያው ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቷል፣ እናትና አባት ገና ከሥራ አልወጡም። በትምህርት ቀን ልጆች ጥፋት ውስጥ የሚገቡት በብዛት በዚያች ክፍተት ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው አንባቢ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ስለሚነገር በቃሌ ይዤዋለሁ።

አንዲት አበሻ እናት ግን ይህ አልተነገራትም። እሷ የምታውቀው «ፖሊስ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። አገር ቤት የፖሊስ ስፖርት ሲባል ትዝ የሚለን ኦሜድላ ነው፤ የትልልቅ ሰዎች ክለብ። የሰፈር ልጅ ሂሳቡን ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ሲሠራ ማን አይቶ ያውቃል?

ወደ ገጠመኙ ልግባ። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለን። ዝምተኛ ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ሌላ ሰው። ቦክስ መጀመር እፈልጋለሁ አለ። ለቦክስ ለብቻው የወላጅ ፊርማና የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ነገ ነው። ለእናቱ ደወልኩ። አታነሳም። መልእክት ተውኩላት።

ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስደምጣኛለችና። «ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ። የምደውልልዎት ከከተማው ፖሊስ ነው። የልጅዎን ጉዳይ በተመለከተ ነበር። በስልክ ከምነግርዎት ዛሬውኑ መጥተው ቢያዩት ጥሩ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እኔ እኮ ያልኩት ፎርሙን ነው። አራት ገጽ ነው፤ በስልክ የሚነበብ አይደለም። እንዲያውም ስልኩን ስዘጋ በራሴ ኮርቼ ነበር። ማክበሬ፣ አለመቸኮሌ፣ አማርኛዬ።

አርባ ደቂቃ ያህል አለፈ። በሩ ተበርግዶ አራት ሴቶች ገቡ። ፊት የነበረችው የሆቴል ጽዳት ዩኒፎርም ለብሳለች። የክፍሎቹ መክፈቻ ካርድ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ያን ካርድ ይዞ ከሆቴል መውጣት እንደማይፈቀድ ኋላ ነው የሰማሁት። የባሰው ደግሞ የዚያን ቀን ኮቹ ከፓትሮል በቀጥታ መጥቶ ገና አልቀየረም። በር ላይ የተቀበላቸው ሽጉጥና ሬዲዮ የታጠቀ፣ ቁመቱ ጣሪያ የሚነካ ሰውዬ ነው። ሴትየዋ አየችውና እግሯ ከዳት። ከኋላዋ ያሉት ደገፏት።

«ልጄስ?» አለች በአማርኛ። ለሱ።

ልጇ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ክፍልፋይ እያካፈለ ነው። በአንድ እጁ እርሳስ፣ በሌላው ግማሹ የተበላ ፖም። ቀና ብሎ «እማ?» አለ። አላቀፈችውም። ጭንቅላቱን ዳበሰች፣ ጆሮዎቹን ያዘች፣ እጆቹን ገልብጣ አየች። ከዚያ ትከሻውን በጥፊ አለችው። ልጁ ዞር ዞር ብሎ ጓደኞቹ አይተው እንደሆነ አጣራ። አይተዋል።

ከተረጋጋች በኋላ ወደኔ ዞረች።

«አንተ ነህ የደወልከው?»

«አዎ እህቴ፣ ይቅርታ...»

«ያከበርከኝ ጊዜ ነው ያወቅኩት» አለችኝ። «እንደዚያ ተጠንቅቆ የሚያናግር ሰው ከመርዶ ሌላ ምን ይዞ ይመጣል?»

ያኔ ነው የገባኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ምን እንደሆነ ሳይነግሩህ ና ይሉሃል። ትንሽ አሟት ነው፣ ብቅ ብትል ጥሩ ነው ይሉሃል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቃል መርጠው። እኔም ሳላውቀው አንድም ሳላጓድል ሥርዓቱን ጠብቄ መርዶ አርድቻለሁ። ልጁ ግን በሕይወት አለ፣ ፖም ይበላል።

ስልኩም አግዞኛል። መልሳ ስትደውል ያገኘችው እኔን አይደለም። የኛ ቢሮ መስመር የሚያወጣው የፖሊስ መምሪያውን ዋና ቁጥር ነው። መጀመሪያ ማሽኑ «አደጋ ከሆነ 911 ይደውሉ» አላት። ቀጥሎ ሰው አነሳና የጉዳይ ቁጥር ጠየቃት። «ልጄ» ብቻ ነው ያለችው። እንዲህ ያለ ጉዳይ አልተመዘገበም ተባለች። ለኛ ይህ የምሥራች ይመስላል። ለሷ ግን የደበቋት መሰላት።

ፖሊስ እንደሚያስተዳድረው አታውቅም ወይ ትሉ ይሆናል። አታውቅም። ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ የሰጣትን ክምር ወረቀት ፈርማለች፤ ማን ያነበዋል? ለሷ ይህ «አፍተር ስኩል» ነው። ፖሊሶቹንም ያየቻቸው በቱታ ነው። «ያ ረጅሙ የስፖርት አስተማሪ ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ።

ከመጡት አንዷ፣ ጎረቤቷ መሰለችኝ፣ የላስቲክ ከረጢት ይዛ ነበር። ሻይ ስናቀርብላቸው ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ከአፉ ጥቁር ነጠላ ብቅ ብሏል። እንዳየሁት ስታይ ቶሎ ወደ ውስጥ ገፋችው። «ለማንኛውም ብዬ ነው» አለች። በሥራ ዘመኔ እንደዚያች ከረጢት ያሳፈረኝ ነገር የለም።

ኮቹ ሄዶ ቱታውን ለብሶ ተመለሰ። ነገሩን ሳስረዳው ግራ ገባው። «እኛ እኮ ሰው ሲሞት ስልክ አንደውልም» አለኝ። «ሁለት ሆነን ቤት ድረስ እንሄዳለን። ቁጭ እናደርጋቸዋለን። ሞተ የሚለውን ቃል ሳንሸፋፍን እንናገራለን። እንደዚያ ነው የተማርነው።» ተረጎምኩላት። ትንሽ አሰበች። «እንደኛው ናቸዋ» አለች፣ «መሸፋፈኑ ነው የቀረባቸው።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ቀይሬያለሁ። አንዱ ወረቀቷ ናት። ስሜንም ሰላምታዬንም አላስቀድምም፤ «ልጅሽ ደህና ነው፣ ቦክስ ልጀምር ብሎ ፊርማ ፈልገን ነው» እላለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኙ ኋላ ይደርሳል። ምክንያቱን ሳልናገር «ይምጡ» አልልም። ሁለተኛ፣ ቢሮው ለብቻው የእጅ ስልክ እንዲገዛልን አስደረግሁ። አለቃዬን ለማሳመን ሁለት ወር ፈጀ። ከረጢቷን ብነግረው ቶሎ ይገባው ነበር፤ ግን ነጠላ በእንግሊዝኛ እንዴት ይነገራል?

የዚያን ቀን ግን ጉዳዩ ገና አላለቀም። ፎርሙ አለ። አወጣሁት።

«ቦክስ?» አለች። ልጁን አየችው። ልጁ ክፍልፋዩን አየ።

ኮቹ ነገሩ እየከበደ መሆኑ ገባውና ግድግዳው ላይ ወዳለው የመሐመድ አሊ ፎቶ ወሰዳት። እኔ ተርጓሚ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1954 ነው አላት፤ ሉዊቪል፣ ኬንታኪ። አሊ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፣ እንደ ልጅሽ። ስሙም ገና ካሺየስ ክሌይ ነበር። አዲስ ቀይ ብስክሌቱን ሰረቁት። እያለቀሰ ለፖሊስ ሊያመለክት ሲሄድ ያገኘው ጆ ማርቲን የሚባል ፖሊስ ከሥራ ሰዓት ውጭ ልጆችን ቦክስ የሚያሠለጥን ሰው ነበር። ልጁ ሌባውን ካገኘሁት እደበድበዋለሁ ብሎ ሲፎክር፣ ፖሊሱ በቅድሚያ መደባደብ ብትማር ይሻላል አለው። በዚያው ጀመረ። የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ሴትየዋ ፎቶውን ቆማ አየች።

«ብስክሌቱስ?» አለች። «ተገኘለት?»

ተረጎምኩ። ኮቹ ሳቀ፤ አልተገኘም አለ።

«ታዲያ ፖሊሱ ምኑን ሠራው?»

ይህችን አልተረጎምኳትም። ፎርሙን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ «ላስብበት» አለችኝ፣ ካርዷን ልትመልስ ወደ ሆቴሏ ሮጠች። የመጨረሻው ቀን አለፈ፤ ኮቹ አራዘመላት። ፎርሙ እስካሁን አልመጣም። ኮቹ ሰኞ ሰኞ ይጠይቀኛል። ልጁ አይጠይቀኝም፤ የቤት ሥራውን ጨርሶ ከቦክስ ክፍሉ መስታወት ውጭ ቆሞ ያያል።